ሳይሰማ የወጣ ማስታወቂያ

ጡረታ በወጣሁ ቀን የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ በስሜ የተመዘገበውን ዕቃ አንድ በአንድ እየጠራ ተረከበኝ። ኮምፒውተሩን፣ ስካነሩን፣ ወንበሩን፣ የቢሮውን ቁልፍ፣ አንድ ጆሮው የተሰበረውን ማዳመጫ። በመጨረሻ ከመሳቢያው ጥግ ጣት የማታህል ቁራጭ እርሳስ አገኘና መዝገቡን ከላይ እስከ ታች ፈለገ። "ይችስ እትዬ ሙንተሃ? መዝገብ ላይ የለችም" አለኝ። የራሴ ናት አልሁት። እርሳሷን አየ፣ እኔን አየ፣ ሳቀና ወደ እኔ ገፋት። ባልደረቦቼ ጋቢና የምስጋና ወረቀት ሰጥተውኛል፤ አላህ ይስጣቸው። እኔ ግን ከዚያ ቤት ይዤ ወጣሁ የምለው እርሳሷን ነው። የማን እንደነበረች ስነግር ሌላውም ነገር አብሮ ይወጣል።

የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም። ብዙዎቹ አሁንም እዚያው ናቸው፤ የምናገረው ጥፋትም ከማንም በፊት የእኔ ነው። ጎንደር ከተማ ከነበሩት ጽሕፈት ቤቶች አንዱ ነው ብል ይበቃል። እኔ የአዲስ ዓለም ልጅ ነኝ። አባቴ ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ፤ የአባቴም አባት እንዲሁ። በእኛ ሰፈር ሴት ልጅ ወይ ታገባለች ወይ ሱቅ ትጠብቃለች፤ እኔ ሁለቱንም ሞክሬ ሁለቱም አልሆኑልኝም። ታይፕ የተማርሁት ሠላሳን ካለፍሁ በኋላ ነው። መንግሥት በተለወጠ ማግስት ጽሕፈት ቤቶች ሰው ሲፈልጉ በጸሐፊነት ተቀጠርሁ። ደመወዙ ለቤት ኪራይና ለአስቤዛ ይበቃ ነበር፤ ስለ እሱ ሌላ የምለው የለኝም።

የተመደብሁት መዝገብ ቤት ነው። የክፍሉ ኃላፊ አቶ ዋሴ ይባላሉ፤ ከዋናው ኃላፊ እስከ ዘበኛው ድረስ ግን ሰው ሁሉ "አያ ዋሴ" ነው የሚላቸው። ቀጭን፣ ቁጡ፣ ተረብ የማያልቅባቸው ሰው ነበሩ። በመጀመሪያው ቀን አንድ ደብዳቤ ጽፌ፣ በፍጥነቴም ኮርቼ፣ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥሁላቸው። አላዩትም። መነጽራቸውን አወለቁ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ እርሳሳቸውን በሁለት ጣት ያዙና "አንብቢው" አሉኝ። ማንበብ ጀመርሁ። ሦስተኛው መስመር ላይ በእርሳሷ ጠረጴዛውን ቆረቆሩት። "እዚህ ላይ ትንፋሽሽ አለቀ። የሚሰማውም ሰው ትንፋሹ ያልቃል፤ ቁረጪው" አሉ። ያን ደብዳቤ አራት ጊዜ መልሼ ጻፍሁት፤ እልህ ይዞኝ ላለቅስ ምንም አልቀረኝም ነበር።

ደስ ሲላቸው በቀሪው ቅጂ ኅዳግ ላይ በእርሳስ "ተሰምቷል" ብለው ይጽፋሉ። በሌላው መሥሪያ ቤት ሁሉ "ታይቷል" ነው የሚባለው። ምነው እርስዎ ብቻ ብላቸው፣ በልጅነታቸው ወገራ ውስጥ ዳዊት የደገሙት ከዓይነ ስውር የኔታ ዘንድ መሆኑን ነገሩኝ። የኔታ መጽሐፉን አያዩትም። ተማሪው አንዲት ቃል ሲስት ግን ከተቀመጡበት ሆነው ቃሏን በስሟ ይጠሯታል፤ አልፎ የሄደ ስህተት የለም። "እኔ ዓይን ያለው ጸሐፊ ሲሳሳት ብዙ አይቻለሁ። የየኔታ ጆሮ ሲሳሳት ግን አላየሁም" ይሉ ነበር።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። ማስታወቂያ በተለጠፈ ቁጥር ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ወደ ግቢው ይወጡና ከሰሌዳው ፊት ቆመው ከደብዳቤው ቁጥር እስከ ፈራሚው ስም ጮክ ብለው ያነቡታል። ፊደል የቆጠረውም ያልቆጠረውም ይሰበሰባል። አንድ አዲስ መጥ ሹም ይህ የመንግሥት ሥራ ነው ወይስ አዋጅ ነጋሪነት ብሎ ሲያላግጥባቸው፣ አያ ዋሴ አንብበው እስኪጨርሱ ዞር ብለው አላዩትም። ከዚያ በኋላ ለእኔ ቀስ ብለው "ሰሌዳ ላይ የተለጠፈ ሁሉ ተነገረ ማለት አይደለም" አሉኝ። ይህን ቃል ያን ቀን እንደ ተረብ ነው የሰማሁት።

ሁለት ዓመት ትክል ድንጋይ ተመድቤ ሠርቻለሁ። እዚያ ሰሌዳው ያለው ከገበያው መንገድ ዳር ነው። ሰዉ እህሉን ጭኖ፣ በጉን እየነዳ ያልፋል እንጂ ቆሞ የሚያነብ ጥቂት ነበር። እያፈርሁ የአያ ዋሴን ልማድ ጀመርሁት። መጀመሪያ የነጋዴ ልጅ ምን ትለፈልፋለች ብለው ሳቁብኝ፤ ከወር በኋላ ግን ሳልወጣ ያረፈድሁ እንደሆነ በር ድረስ መጥተው ይጠሩኝ ጀመር። ወደ ጎንደር የተመለስሁት ድምፄ ጎርንኖ ነው።

ስመለስ ታይፑ ቀርቶ ኮምፒውተር ገብቷል። አያ ዋሴ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ወራት ቀርቷቸው ነበር። ከኋላዬ ቆመው ስጽፍ አዩና "ይኸ ማኪና ያነባል?" አሉኝ። አያነብም፣ ያሳያል እንጂ አልኋቸው። "እንግዲያስ ይኸም ሰሌዳ ነው" ብለው ሄዱ። እኔ ኮምፒውተሩን ወደድሁት። ዩኒቨርሲቲው የሰጠውን አጭር ሥልጠና ወሰድሁ፤ ቢሮው ድረ ገጽ ሲከፍትም በዕድሜ እናታቸውን የምህላቸው ልጆች እያሉ ሥራው ለእኔ ተሰጠኝ። ማስታወቂያ፣ የዝውውር ዝርዝር፣ የክፍት ሥራ መደብ፣ ሁሉም በእኔ እጅ ያልፍ ጀመር።

በዚያ ሰሞን አንድ አጭበርባሪ የቢሮውን ማስታወቂያ አስመስሎ ጽፎ በከተማው ግድግዳ ላይ ለጥፎ ነበር። ብዙ ሥራ ፈላጊ ተታለለ። ኃላፊያችን ከዚያ ወዲህ ክብ ማኅተም የሌለው ወረቀት ድረ ገጹ ላይ እንዳይወጣ አዘዙ። ማኅተም ደግሞ በጣት ተጽፎ አይወጣም። ስለዚህ የተፈረመበትን፣ የፈራሚው ስም ቲተር የተመታበትን፣ ማኅተም ያረፈበትን ደብዳቤ ስካን አድርጌ እንዳለ ማውጣት ጀመርሁ። ትእዛዙ አልከበደኝም፤ እንዲያውም ተስማማኝ። በእኛ አገር ማኅተም የሌለው ወረቀት ማን ያምናል? እኔም አላምንም።

እንዳላማውን ያወቅሁት ሰሌዳው ሥር ነው። ረጅም ወጣት፣ ነጭ በትር የያዘ፣ ቦርሳውን በደረቱ በኩል አንግቶ የሚሄድ። በየሳምንቱ ከአምባ ጊዮርጊስ በአውቶቡስ ይመጣና ሰሌዳው አጠገብ ቆሞ የሚያልፈውን ሰው "ወንድሜ፣ አዲስ የወጣ አለ ወይ?" እያለ ይጠይቃል። አንዱ ሁለት መስመር አንብቦለት ይሄዳል፤ ሌላው ቀና ብሎ እንኳ ሳያይ "የለም" ይለዋል። አንድ ቀን የመምህራን ማስታወቂያ ተለጥፎ እያለ "የለም" ሲሉት በመስኮት ሰማሁ። ወጥቼ እንደ አያ ዋሴ ከቁጥሩ ጀምሬ እስከ ፊርማው አነበብሁለት። ሰምቶ ሲጨርስ "እስከ ዛሬ ማኅተም አለው ብሎ የነገረኝ ሰው የለም" አለኝ።

ደረጃው ላይ ተቀምጠን ታሪኩን ነገረኝ። ለእናቱ አንድ ነው። በሕፃንነቱ ታሞ ዓይኑ ሲጠፋ እናቱ ወይዘሮ የሺ፣ ባሏ የሞተባት ሴት፣ ጎረቤት ሁሉ እያወገዛት ስምንት ዓመት ሲሆነው ሩቅ አገር ያለ የዓይነ ስውራን አዳሪ ትምህርት ቤት ወስዳ አስገባችው። ከዚያ ወዲያ እስከ ዩኒቨርሲቲ ድረስ ቤቱን የሚያውቀው በክረምት ብቻ ነው። አሁን በአማርኛ መምህርነት ተመርቋል፤ እናቱ ደግሞ ጉልበቷ ከድቷት ውኃ እንኳ በጎረቤት ነው የሚቀዳላት። የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፦ አምባ ጊዮርጊስ ማስተማር። "በስምንት ዓመቴ ለትምህርት ሰጠችኝ። አሁን ራሴን ልመልስላት ነው እትዬ" አለኝ።

ከቦርሳው ኮምፒውተሩን አውጥቶ ጽሑፍ የሚያነብ ፕሮግራም እንዳለው አሳየኝ። አንድ ዜና ከፈተ። ማሽኑ አፍንጫውን እንደያዘ ሰው ድምፅ፣ በጥድፊያ፣ ዜናውን ከአናቱ እስከ እግሩ አነበነበው። ተደነቅሁ። እንግዲያስ ምን አንከራተተህ፣ እኔ ሁሉንም ድረ ገጹ ላይ አወጣዋለሁ፣ ከእንግዲህ ለዚህ ብለህ አትምጣ አልሁት። እርግጠኛ መሆኔን ጠየቀኝ። ቃሌ ነው አልሁት። ቀለል ብሎት ሄደ፤ እኔም ያን ቀን ቀለል ብሎኝ ዋልሁ።

ሁለት ወር ሳይሞላ ማስታወቂያው መጣ። ለአምባ ጊዮርጊስ አንድ የአማርኛ መምህር፤ ምዝገባው በአሥር የሥራ ቀናት ውስጥ። እንዳየሁት እሱ ነው ትዝ ያለኝ። ደብዳቤውን ስካነሩ ላይ ቀጥ አድርጌ አስተኛሁት፣ ዳር ዳሩን አጸዳሁ፣ የማኅተሙ ሰማያዊ እስኪጠራ ድረስ ሁለት ጊዜ መልሼ አነሳሁት። ከዚያ በፊት እንደዚያ የጠራ ማስታወቂያ አውጥቼ አላውቅም። ልደውልለት አሰብሁና ተውሁት፤ ድረ ገጹ ላይ ካለ ምን ያስደውላል? ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ያወጣሁት ነገር እንዴት እንደሚሰማ አልሞከርሁም። ሃያ ዓመት ሙሉ የጻፍሁትን በጆሮ እየፈተንሁ ኖሬ ያችን ማስታወቂያ ሳልሰማ አወጣኋት።

እንዳላማው የመጣው ምዝገባው ካለቀ በኋላ ነው። ሌላ ሰው መመረጡን የሰማው አውቶቡስ መናኸሪያ ውስጥ ሰዎች ሲያወሩ ነበር። ቢሮዬ በር ላይ ቆሞ "በየቀኑ ከፍቼዋለሁ እትዬ ሙንተሃ። አንድም ቀን አልዘለልሁም" አለኝ። አለ እኮ፣ ይኸው፣ አልሁና ገጹን ከፍቼ በጣቴ ጠቆምሁት። ለማን እንደምጠቁም የገባኝ ጣቴ አየር ላይ እያለ ነው። እሱ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ፤ ኮምፒውተሩን አወጣና የማዳመጫውን አንዱን ጆሮ ለእኔ ሰጠኝ። ማስታወቂያው ጋ ሲደርስ ማሽኑ "ምስል" አለ። አለና አለፈ። ቀጥሎ ያለውንም "ምስል" አለ። ወረድ ብለው ያሉትን፣ በድሮው የፊደል ፕሮግራም የጻፍኋቸውን ቆየት ያሉ ማስታወቂያዎች ሲያነብ ደግሞ በሰው ቋንቋ የሌለ ነገር ያንበለብል ጀመር። ለዓይን አማርኛ የሚመስለው ጽሑፍ ለማሽኑ የተዝረከረከ የላቲን ፊደልና ምልክት ነበር። "እኔ ዘንድ የሚደርሰው ይኸ ነው" አለኝ እንዳላማው። አልተቆጣም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

እጁን ይዤ ኃላፊው ቢሮ ገባሁ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ እስከ መጨረሻው ሰሙን። ነገር ግን ማስታወቂያው በይፋ ወጥቷል፣ ጊዜው አልፏል፣ ሰው ተመርጧል። የተመረጠውን ልጅ አንስቼ ምን ልበለው አሉ፤ እሱም እናት አለው። እንዳላማውም ተነሥቶ አመስግኖ ወጣ። ከጥቂት ወራት በኋላ ያገኘው ምደባ ጃናሞራ ነበር። ከአምባ ጊዮርጊስ ወደዚያ በደጉ ጊዜ ቀኑን ሙሉ መንገድ ነው፤ ክረምት ሲገባና መንገዱ ሲቆረጥ ቀኑን የሚያውቀው አላህ ብቻ ነው። ሲሄድ አልተሰናበተኝም።

አያ ዋሴ ዘንድ ሄድሁ። አርጅተው፣ የእሳቸውም ዓይን ደፍርሶ፣ ቤታቸው ደጃፍ ፀሐይ ይሞቁ ነበር። ነገሩን ጀምሬ ሳልጨርሰው ለቅሶ ቀደመኝ። በዚያው በድሮው ቁጣ፣ "ማልቀስሽ ለእሱ ምን ያደርግለታል?" አሉኝ። ከዚያ ማስታወቂያውን አንብቢልኝ አሉ። ቅጂው ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ አነበብሁላቸው። ዓይናቸው ከማየት ደክሞ ሳለ እንኳ በልማዳቸው ጨፍነውት ነው የሰሙት። "ሸጋ ጽሑፍ ነው፤ አንድም ቦታ ትንፋሽ አያሳጥርም። ግን አልተሰማም" አሉ። ከኪሳቸው ያችን ቁራጭ እርሳስ አውጥተው መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። "እኔ ከእንግዲህ የምሰማው ደብዳቤ የለኝም። አንቺ ግን ያላለቀ ሥራ አለብሽ" አሉኝ። በዚያው ዓመት ዐረፉ።

ኃላፊውን ለማሳመን ክርክር አልበቃኝም። አንድ ጠዋት ማዳመጫውን ይዤ ገባሁና ለአምስት ደቂቃ ዓይናቸውን እንዲጨፍኑልኝ ለመንኋቸው። አንዲት የዝውውር ማስታወቂያ ፈልገው የምዝገባውን የመጨረሻ ቀን እንዲነግሩኝ ጠየቅሁ። ምስል፣ ምስል፣ ምስል አላቸው። ዓይናቸውን ገለጡና ማዳመጫውን አወለቁ። ከዚያ "ጽሑፉን ብቻ ካወጣነው ማኅተሙን ማን ያይለታል ወይዘሮ ሙንተሃ? ነገ ደግሞ ሌላ አጭበርባሪ ይመጣል" አሉኝ። ምስሉም ይውጣ፣ ከሥሩ ደግሞ ቃሉ በሙሉ ይጻፍ፣ ክብ ማኅተም እንዳለውና ማን እንደፈረመበት በጽሑፍ ይነገር፣ የተጠራጠረ በደብዳቤው ቁጥር ይደውል አልኋቸው። ለሦስት ወር ሙከራ ፈቀዱልኝ። ሦስት ወሩ ሲያልቅ ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም አላስታወስሁም።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። የለቀምሁት ዓመት ሙሉ ነው። የቆየውን ማስታወቂያ ሁሉ ማሽኑ በሚያነበው በአዲሱ የፊደል ፕሮግራም እንደገና ጻፍሁት። ግን ጆሮዬ የባለ ዓይን ጆሮ ነው፤ እያየሁ የምሰማውን ሳላይ እንደምሰማው አድርጌ ራሴን እሸነግል ነበር። ስለዚህ ወደ ጃናሞራ ደወልሁ። ስሜን ነገርሁት። የሠራሁትን ስማልኝና ስህተቱን ንገረኝ አልሁት። "ለምን እኔ?" አለ። "ያጠፋሁት በአንተ ላይ ስለሆነ" አልሁት። ነፋሱ በስልኩ ውስጥ ይሰማኝ ነበር፤ ኔትወርክ የሚገኘው ከትምህርት ቤቱ በላይ ካለው ጉብታ ላይ ነው። "እሺ፣ ይላኩልኝ" አለ።

ርኅራኄ የሌለው መምህር ሆነብኝ፤ አላህ ይስጠው። በየቦታው "እዚህ ይጫኑ" ብዬ የጻፍሁትን እየሰማ "እዚህ፣ እዚህ፣ እዚህ ይለኛል። የት ነው እዚህ?" አለኝ። ከዚያ ወዲህ የሚከፈተውን ነገር በስሙ መጥራት ተማርሁ። የዝውውሩን ሠንጠረዥ ደግሞ ማሽኑ መጀመሪያ ተራ ቁጥር፣ ከዚያ ጾታ፣ ከዚያ ወረዳ እያለ ሲያነብለት፣ ስሙ ጋ እስኪደርስ የማን መሆኑ ይጠፋበታል። "ስሙን ያስቀድሙ። ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው ስሙን ነው" አለኝ። ለዓይን የሚያምረውን በቀይ ቀለም የተጻፈ የመጨረሻ ቀን "ቀዩ ለእኔ ጥቁርም ነጭም አይደለም፤ የመጨረሻ ቀን ብለው ይጻፉት" ብሎ አስለወጠኝ። ስለ አያ ዋሴና ስለ ኅዳጉ ጽሑፍ ነግሬው ስለነበር፣ አንድ ገጽ ያለ እንከን ሲሰማው በስልኬ አንዲት ቃል ይልክልኛል፦ ተሰምቷል። አንዳንዴ አንድ ገጽ ሰባት ጊዜ ይመልስልኝ ነበር።

ሥራው እየሰፋ ሄደ። አንድ ቀን መስማት የተሳናት ሴት ከወለቃ መጣች፤ መንገድ ዳር ሸክላ የምትሸጥ ናት። የኃላፊያችንን ንግግር በቪዲዮ ያወጣንበትን ገጽ በስልኳ አሳየችኝና ወረቀት ላይ "ምን ይላል?" ብላ ጻፈች። ለማይሰማ ሰው ደግሞ መጻፍ እንዳለብኝ ያን ጊዜ ነው ያሰብሁት። ለዓይነ ስውሩ እያሰማሁ እሷን ረስቼ ነበር። ቁጭ ብዬ የንግግሩን ቃል ሁሉ ከቪዲዮው ሥር ጻፍሁ። ንግግሩ ረጅም ስለነበር ጽፌ ስጨርስ ለኃላፊው ትንሽ ቢያሳጥሩት ብዬ ነገርኋቸው፤ ሳቁ።

እንዳላማው በየዓመቱ ዝውውር ይጠይቃል፤ በየዓመቱ ዝርዝሩን እኔ እጽፋለሁ፤ ስሙ የለበትም። የአገልግሎት ዘመን ይቆጠራል፣ ክፍት ቦታ ይጠበቃል። የሌለበትን ዝርዝር እየሰማ "ተሰምቷል" ብሎ ይልክልኛል።

አንድ ክረምት የእናቱን መሞት ሰማሁ። እሱ መርዶው ደርሶት፣ መንገዱ ተቆርጦ፣ ከፊሉን በእግሩ ሄዶ አምባ ጊዮርጊስ ሲገባ ወይዘሮ የሺ ከተቀበረች ሦስተኛ ቀኗ ነበር። ለቅሶ ልደርስ ሄድሁ። ድንኳኑ ውስጥ አጠገቡ ተቀመጥሁ፤ እጄን ያዘ። ይቅርታ ልጠይቀው ያሰብሁትን ቃል ሁሉ በመንገድ ሳሰናዳ መጥቼ አንዱም አልወጣም። ስወጣ አንዲት ጎረቤት ሸኘችኝ። ወይዘሮ የሺ በገበያ ቀን በትሯን ተመርኩዛ ወረዳው ጽሕፈት ቤት ትሄድ እንደነበር ነገረችኝ። ማንበብ አትችልም። ሰሌዳው ሥር ቆማ የሚያልፈውን ሰው "የልጄ ስም ወጥቷል ወይ? አንብቡልኝ" ትላለች። መሄድ እስኪያቅታት ድረስ አንድ ገበያ አላጓደለችም። አውቶቡስ ውስጥ ሻርፔን ፊቴ ላይ ጥዬ ነው ጎንደር የገባሁት። የእሱን የሰሌዳ ጉዞ አስቀርቼ የእሷን አመጣሁ ብዬ አለቀስሁ።

ጡረታዬ አንድ ሳምንት ሲቀረው የመጨረሻው የዝውውር ዝርዝር መጣልኝ። እንደ ልማዴ ስሙን አስቀድሜ፣ አንድ በአንድ ጻፍሁና ማዳመጫውን አድርጌ፣ ዓይኔን ጨፍኜ አዳመጥሁ። ያ አፍንጫውን የያዘ ድምፅ ስሞቹን እየጠራ ወርዶ ወርዶ የእንዳላማውን ስም ጠራ። ከጃናሞራ ወደ ወገራ፣ አምባ ጊዮርጊስ። ስጽፈው አይቼዋለሁ፤ የገባኝ ግን ስሰማው ነው። እጄ ወደ ስልኩ ሄደ። የምሥራቹን እኔ ልነግረው ፈለግሁ፣ እውነቱን ለመናገር ለራሴ ብዬ ነው። መልሼ አስቀመጥሁት። ስሙን ከማንም አፍ ሳይሆን ራሱ ሊያነበው ይገባው ነበር፤ ያጠፋሁበትም ይህንኑ ነው። ገጹን አወጣሁና ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ።

ከቀትር በኋላ መልእክቱ መጣ። "ተሰምቷል" ይላል። ሌላ ቃል አልነበረውም።

ይቅር ብሎኛል ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ። አላለኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም። እንዲህ ያለውን ነገር ሆድ ይፍጀው ይላሉ።

ዕቃውን ባስረከብሁ ማግስት፣ ቤት መዋል ስላላወቅሁበት ይሁን ሌላ፣ አውቶቡስ ተሳፍሬ አምባ ጊዮርጊስ ሄድሁ። እሱ ገና አልመጣም፤ ትምህርት እስኪከፈት ሳምንታት ይቀራሉ። የገበያ ቀን ነበር። ወረዳው ጽሕፈት ቤት ስደርስ የዝውውሩ ዝርዝር ሰሌዳው ላይ ተለጥፏል፤ እኔው የጻፍሁት ነው። ሰዉ ከፊቱ ያልፋል። ሰዓቴን አየሁ፤ ሦስት ሰዓት አልፏል። አያ ዋሴ ይቆሙ እንደነበረው ቆምሁና ከደብዳቤው ቁጥር ጀምሬ ጮክ ብዬ ማንበብ ጀመርሁ። አንድ ሁለት ሰው ቆመ። ከዚያ የጭነት አህያውን እየነዳ የሚያልፈውም ቆመ። በትር የያዘች አሮጊት ተጠጋችና ጆሮዋን ወደ እኔ አዘነበለች።

የእንዳላማውን ስም ከነአባቱ አነበብሁ። ከጃናሞራ ወደ ወገራ፣ አምባ ጊዮርጊስ አልሁ።

"የየሺ ልጅ ነው" አለች አሮጊቷ። "ምነው የሺ በሰማች።"

ከኋላ የቆሙት የራሳቸውን ሰው ስም እየጠበቁ ነበር። ቀጣዩን ስም አነበብሁ።